ቀዩን ጨርቅ የሰፋሁት እኔ ነኝ

ባለፈው ሳምንት ምራቴ የሳሎኑን ወለል በበረኪና ትወለውል ነበር። እኔ መስኮቱ ሥር ሻይ ይዤ ተቀምጫለሁ። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ብርጭቆውን አስቀምጬ፣ ከዘራዬንም ሳልይዝ፣ ቀጥ ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁ። ውጭ ደግሞ የቦንጋ ዝናብ ነው፤ መቼ እንደጀመረ የማይታወቅ፣ መቼ እንደሚያባራም የማይጠየቅ ዝናብ። ምራቴ መወልወያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። «አባባ፣ ምን ሆኑ? ዝናቡ አይታይዎትም እንዴ?» አለችኝ። «አየር ልቀበል ብዬ ነው» አልኳት። አላመነችኝም፤ ግን ጨዋ ልጅ ናትና ጃንጥላ አምጥታ ሰጥታኝ ገባች። እኔም ጃንጥላውን ዘርግቼ ማዶ ያለውን ጫካ ጉም ሲውጠው እያየሁ፣ ለልጆቼ እንኳ እስከ ዛሬ አጥርቼ ያልነገርኳቸውን ነገር ለብቻዬ አስታወስኩ። ወርቄ፣ ባለቤቴ፣ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗታል። እሷ በሕይወት እያለች ብጽፈው ያማት ነበር። አሁን የሚያውቀው ሰው እኔ ብቻ ሆንኩ፤ እኔም ሰባን አልፌያለሁ።

ጊዜው መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ዓመቱን በትክክል ንገረን ብትሉኝ አልችልም፤ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ዘመን የምለየው በልብስ ነው። ካኪ ኮት እየቀረ ጂንስ መግባት የጀመረበት፣ የወንዱ ሱሪ ከታች መስፋቱን ትቶ የጠበበበት፣ የቢሮ ሴቶች ጉርድ ቀሚስ በነጭ ሸሚዝ ያዘወተሩበት ጊዜ ነበር። ሙሉ ሱሪ በአስራ አምስት ብር እሰፋለሁ፤ ለአስተማሪዎች አሥራ ሁለት አደርገዋለሁ፣ ደሞዛቸውን ስለማውቀው። ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም ይጠጣል። ባጃጅ የሚባል ነገር አልመጣም፤ ሰው ሁሉ በእግሩ ዳገቱን ይወጣል፣ በእግሩ ይወርዳል፣ ስለዚህም ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ይገናኛል። ማሽኔን የተከልኩት ከገበያው ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ጥግ፣ በጋሽ ይማም ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር። ሰው ከውስጥ ጨርቁን ገዝቶ ይወጣል፣ እኔ ደጅ ላይ ለክቼ እቆርጣለሁ። ከሱቁ ማዶ ካሴት ቤት ነበረ፤ ባለቤቱ የወደደውን ዘፈን ጠዋት ከከፈተው እስከ ማታ እሱኑ እየደጋገመ ያዘፍነዋል፤ እግሬ ሳላስበው በዘፈኑ ምት ማሽኑን ይረግጥ ነበር።

ጋሽ ይማም የወሎ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው አጎታቸውን ተከትለው ለንግድ መጥተው እዚሁ የቀሩ። የአገሬውን ቋንቋ ካፊኖኖን በወሎ ዜማ ስለሚናገሩት ቅቤ ሻጮቹ ሴቶች ለመሳቅ ብለው ብቻ ያናግሯቸው ነበር። ጨርቅ ሲለኩ በክንዳቸው ነው፤ ሁልጊዜም መጨረሻ ላይ አንድ ስንዝር ጨምረው «ይቺ ለሕፃኑ» ይላሉ፤ ገዥው ሕፃን ይኑረው አይኑረው አይጠይቁም። ባለቤታቸው እትዬ ሰዓዳ ቁመተ ረጅም፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ነበሩ። ልጆቻቸው አድገው ወጥተውላቸው ስለነበር የሰፈሩን ልጅ ሁሉ የራሳቸው አድርገው ያዩ ነበር። ወርቄ የመጀመሪያ ልጃችንን ስትወልድ አዋላጇ እስክትደርስ ወገቧን ደግፈው የያዙት እሳቸው ናቸው፤ ልጅቷን መጀመሪያ ያጠቡትም እሳቸው ናቸው። ለፋሲካ እኛ ዶሮ ከነነፍሷ እንወስድላቸዋለን፣ በራሳቸው ቢላ ያርዳሉ። ለአረፋ እነሱ በግ ጎትተው በራችን ላይ ያስሩልናል። ሥጋው ተለያየ እንጂ ሳቁ አንድ ነበር።

ሰላምታውንስ ምን ልበላችሁ! ያኔ በቦንጋ ገበያ ቀን ሰላም ሳትሉ አሥር ሜትር መሄድ አይቻልም። እጅ ይጨበጣል፣ ትከሻ ይገጫል፣ የተጨበጠው እጅ ሳይለቀቅ የቤተሰቡ ሁሉ ደህንነት በየስሙ ይጠየቃል። ከዋጫና ከቢታ ገነት ጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው የመጡ ሴቶች ቆጯቸውን፣ ማራቸውንና ቅቤያቸውን ሳያወርዱ መጀመሪያ ሰው ይፈልጋሉ። አንድ ሰው ሲሞት ከተማው በሙሉ ይወጣ ነበር። ለቀስተኛ ከየገጠሩ ይጎርፋል፤ የሞተውን ያላወቀው እንኳ ሬሳ ሲያልፍ ካየ ሥራውን ትቶ ይከተላል። ሰው ብቻውን የሚቀበርበት አገር አለ ብትሉን ኖሮ አናምንም ነበር።

ወሬውን መጀመሪያ ያመጣው የአይሱዙ ሹፌር ነው። ክረምቱ ገና መግባቱ ነበር። ለሚስቱ የቀሚስ ጨርቅ ሊገዛ ገብቶ፣ ጋሽ ይማም ሲለኩለት እሱ ወደ ውጭ ወደ ዝናቡ እያየ «ከወንዙ ማዶ ያሉት መንደሮች ሰው እያለቀ ነው» አለ። «ጠዋት ደህና የዋለው ማታ የለም። ያለ የሌለውን በላይም በታችም ያወጣዋል፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ ይገባል፣ በቃ።» ጋሽ ይማም ጨርቁ ክንዳቸው ላይ እንዳለ ቆሙ። «አንተ በዚያ ነው የመጣኸው?» አሉት። «መንገዱ አንድ ነው፤ በየት ልምጣ?» አላቸው። ጨርቁን ተቀብሎ ሄደ። እኛም እንደ ሩቅ አገር ወሬ ተውነው። ከሳምንት በኋላ ቡና ሲጭን የዋለ አንድ የቀን ሠራተኛ ገበያው ጥግ ወደቀ። እዚያው ከቡናው መጋዘን ደጅ ሳይነሳ ሞተ።

ወዲያው ስብሰባ ተጠራ። የቀበሌው አዳራሽ ሞላ፤ ጢም ብለን፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን፣ ስለማይጨባበጡበት በሽታ ልንሰማ ተቀመጥን። ከላይ የመጣ አንድ ሰው ተነሥቶ «ይህ ኮሌራ አይደለም፤ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ነው። አተት በሉት። ሪፖርትም ስታደርጉ አተት ብላችሁ ነው» አለ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ ብድግ ብለው «ልጄ፣ ስሙ ሲቀየር መግደሉን ይተዋል?» ብለው ጠየቁ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያን ያህል ሰው በአንድ ላይ ሲስቅ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አልሰማሁም። ከዚያ የቀበሌያችን ሊቀመንበር አቶ ደጀኔ ክልከላዎቹን ከወረቀት አነበበ። ገበያ ተዘግቷል። መጨባበጥ ክልክል ነው። ጠላ፣ ቦርዴ፣ ጥሬ አትክልት መሸጥ ክልክል ነው። የለቅሶ ድንኳን መትከል፣ ሬሳ መከተል ክልክል ነው። ከከተማው መውጣትና ወደ ከተማው መግባት በወረቀት ብቻ ነው። በማግስቱ በጅማው መንገድ መውጫና በዋጫው መንገድ መውጫ ገመድ ተዘረጋ፤ ከገመዱ ወዲህና ወዲያ የቆሙ ዘመዳሞች እየተጯጯሁ ያወሩ ጀመር። አንዷ እናት የቆጮ ጥቅል ለልጇ በገመዱ ላይ ስትወረውር፣ ጥቅሉ ጭቃው ላይ ሲወድቅ፣ ጠባቂውም ልጅቷም ለማንሳት ሲፈሩ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ሰው እንደ ጨዋታ ነበር የያዘው። በሩቅ ቆሞ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት ለወጣቶቹ መሳሳቂያ ሆነ። እጁን ረስቶ የዘረጋውን «ተከሰስክ!» ይሉታል። ግን ቀን ሲጨምር፣ ከየሰፈሩ አንድ አንድ ሰው ሲጎድል፣ ጨዋታው ከፊታችን ላይ ጠፋ። ካሴት ቤቱ ተዘጋ። ሻይ ቤት የሚቀመጠው ሰው ብርጭቆውን ከቤቱ ይዞ መምጣት ጀመረ፣ ኋላ እሱም ቀረ። ምንጩ ላይ ሴቶች እንስራቸውን አራርቀው እያስቀመጡ ተራ ይጠብቃሉ፤ አንዷ የሌላዋን እንስራ በስህተት ከነካች የሚነሳው ጩኸት ሰፈር ይሰማል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ዓይናችን ነበር። ሰው የጎረቤቱን ሽንት ቤት መጠበቅ ጀመረ። እውነቴን ነው። እገሌ ዛሬ ጠዋት ሁለት ጊዜ ገብቷል፣ የእገሌ ሚስት ሮጣ ነው የወጣችው ተብሎ ለቀበሌ ይነገር ነበር። ጤነኛ ሰው ሆዱን እንኳ ቢቆርጠው እስኪጨልም ችሎ ይውላል። እኔ ራሴ ከቤቴ ጓሮ ስወጣ ግራና ቀኙን አይቼ፣ ዘና ያልኩ መስዬ፣ ሣር እየቀነጠስኩ ነበር የምሄደው። ያ የቅርቡ ወረርሽኝ መጥቶ አፋችንን ስንሸፍን የልጅ ልጆቼ አዲስ ነገር መስሏቸው ነበር። እኔ ግን ባንክ በር ላይ አንዱ ሲያስል ሰልፈኛው ሁሉ ዞር ብሎ ያየበትን ዓይን ሳይ፣ ዓይኑን አወቅሁት።

ደጀኔ ወደ በረንዳችን የመጣው በእነዚያ ቀናት ነው። በመካከላችን አጥር ያለ ይመስል ራቅ ብሎ ቆሞ «አስራት፣ ሥራ አለህ» አለኝ። «ቀይ ጨርቅ ይቆረጣል። በሽተኛ ያለበት ቤት በር ላይ ይታሰራል። ጠርዙን አጥፈህ ስፋው፣ ዝናቡ እንዳይበጣጥሰው።» ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ሲስተር አልማዝ መድኃኒት ይዛ ስትዞር ቤቱን እንድታውቀው ነው» አለኝ። ሲስተር አልማዝ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ነርስ ናት፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ በተተከለው ድንኳን በሽተኞቹን የምታይ እሷ ነበረች። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ጋሽ ይማም ከመደርደሪያው ቀዩን ጥቅል አውርደው ሰጡኝ። ደጀኔ ኪሱ ሲገባ «ተው፣ ለበሽታ ጨርቅ ዋጋ አልቀበልም» አሉት። እኔም ቆረጥኩ፣ ጠርዙን አጠፍኩ፣ ሰፋሁ። ልብስ ሰፊ ሥራውን ያውቀዋል፤ ከዚያ በኋላ በየትኛውም በር ላይ ቀዩን ባየሁ ቁጥር የራሴን ስፌት አያለሁ።

መድኃኒት ይገባበታል የተባለው በር ሰው የማይገባበት በር ሆነ። ቀይ የታሰረበትን ቤት ለማለፍ ሰው መንገዱን ቀይሮ በጭቃ ይዞራል። ከእነዚያ ቤቶች ምንጭ የወረደች ሴት በድንጋይ ተመለሰች። አንዱ አባት ቀዩ ጨርቅ እንዳይታሰርብኝ ብሎ ልጁን ሦስት ቀን አልጋ ሥር ደበቀው፤ ልጁ አልተረፈም። ይህን ሰምቼ ማታ ለወርቄ ስነግራት ሕፃኗን እያጠባች ነበር። ሁለተኛ ልጃችን ናት፤ ገና አራት ወሯ። ወርቄ ቀና ብላ «የእነ ጋሽ ይማምን ነገር ሰምተሃል?» አለችኝ። «ምን?» አልኳት። «በሽታውን ያመጡት እነሱ ናቸው ይላሉ። ያ ሹፌር መጀመሪያ የገባው እነሱ ሱቅ ነው። ጨርቁም በዚያ መንገድ ነው የሚመጣው።» «ሹፌሩ እኮ እኔም ፊት ነው የቆመው» አልኳት። «እሱን ነው የምልህ» አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ማሽንህን ከዚያ አንሳ፣ አስራት። ለእኔ ብለህ አይደለም፤ ለዚች።»

በማግስቱ ሄድኩ። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ምክንያት አንድ ነበር፤ ዝናቡ። «ጋሽ ይማም፣ ዘንድሮ ዝናቡ በረንዳው ላይ እየገባ ማሽኑን ሊያዝገው ነው። ለጊዜው ቤት ላድርገው» አልኳቸው። ጋሽ ይማም በረንዳውን አዩት። ጣራው ሰፊ ነው፣ በስድስት ዓመት አንድ ጠብታ ገብቶብኝ አያውቅም። «ዝናብማ ይገባል» አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው መጡና በከባዱ በኩል፣ በብረቱ በኩል ያዙልኝ። ዳገቱን አብረን ተሸክመን ወጣን። መንገድ ላይ ያለው ሰው ያየናል፣ እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። ደጄ ስንደርስ አልገቡም። «ወርቄን ሰላም በልልኝ፣ ልጅቷን ሳምልኝ» ብለው ተመለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁ ውስጥ ማንም ሲገባ አላየሁም።

ረቡዕ ቀን ነበር፣ ከቀትር በፊት። ዝናቡ ጋብ ብሏል። እኔ ቤቴ ውስጥ ማሽኑ ላይ ነኝ፤ ደጀኔ ቀዩን ጨርቅ ጨምርልኝ ብሎ ስለነበር እሱን እሰፋለሁ። ከአጥሩ ውጭ ድምፅ ሰማሁ። «አስራት! አስራቴ!» ጋሽ ይማም ናቸው። እግሬ መርገጫው ላይ ቆመ። ማሽኑም ቆመ። «አስራት፣ ሰዓዳ ታማለች። ሌሊቱን ነው የጀመራት። ወደ ድንኳኑ ላድርሳት ነው፣ ቃሬዛ አለኝ። አንድ ሰው ብቻ ነው የቸገረኝ።» ወርቄ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጣብቃ በጓዳው በር ላይ ቆማለች። ራሷን ብቻ ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ እትዬ ሰዓዳ ለእሷ ምን እንደሆኑ ከእኔ በላይ እሷ ታውቃለች። ልነሳ እችል ነበር። ከእኔ እስከ በሩ አራት እርምጃ ነው። አልተነሳሁም። እጄ ቀዩ ጨርቅ ላይ እንዳለ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ሰው ከቤቱ የሌለ ለመምሰል። እሳቸውም አልሄዱም። የቆሙበት ጊዜ ምን ያህል እንደነበር ዛሬም አላውቀውም፤ አንዳንዴ ደቂቃ ይመስለኛል፣ አንዳንዴ ግማሽ ቀን። ኋላ ግን «እሺ። አላህ ይጠብቃችሁ» ሲሉ ሰማሁ። እግራቸው ጭቃውን እየረገጠ ራቀ። ወደ ሌሎች አጥሮችም ሄደው እንደተጣሩ ኋላ ሰማሁ። የወጣ የለም።

ከዚያ በግድግዳው ስንጥቅ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጋሽ ይማም እትዬ ሰዓዳን በጋቢ ጠቅልለው፣ ጀርባቸው ላይ አዝለው፣ የገበያውን መንገድ ሲወርዱ አየሁ። ረጅሟ ሴት እጥፍ ብላ ሕፃን አክላለች። እግሮቿ ከጋቢው ወጥተው ይወዛወዛሉ። መንገዱ ባዶ ነው። ወትሮ ሰው የሚጋፋበት ያ መንገድ በቀን ብርሃን ጭር ብሎ፣ በየበሩ ስንጥቅ ግን እንደኔ ያለ ዓይን ሞልቶ ነበር። ጋሽ ይማም ሁለት ጊዜ አረፉ። ሁለተኛው ላይ በጉልበታቸው ጭቃው ውስጥ ወድቀው ጭቃው እሷን እንዳይነካት እጃቸውን ወደ ኋላ ደግፈው ሲነሱ አየሁ። ጥጉን ሲዞሩ ከዓይኔ ጠፉ። ወርቄ ከኋላዬ «ሄዱ?» አለችኝ። «ሄዱ» አልኳት። የዚያን ቀን ምሳ ቀርቦ ማንም ሳይነካው ተነሳ።

እትዬ ሰዓዳ ድንኳኑ ከደረሱ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ሲስተር አልማዝ የማታስመስል ልጅ ነበረች፤ በማግስቱ ለደጀኔ የነገረችው ቃል ከተማውን ሁሉ ዞረ። «ደም ሥራቸው ጠፋብኝ። ግሉኮሱን የማስገባበት አጣሁ። አንድ ሰዓት ቀድመው ቢደርሱ ኖሮ አገኘው ነበር።» አንድ ሰዓት። ይህን ደጀኔ አጥሬ ማዶ ቆሞ ሲነግረኝ ፊቴን እንዳያየው ዞሬ መቀሱን ፈለግሁ፤ መቀሱ እጄ ውስጥ ነበር። የቀበሯቸው ፕላስቲክ የለበሱ አራት ሰዎች ናቸው። ማጠብ የለም፣ ሰላት ላይ የቆሙት ጋሽ ይማምና ሁለት ሰዎች፣ እነሱም ከሩቅ። እኔ ከኮረብታው ላይ ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ሆኜ አየሁ። አንዱ በጀርባው ባዘለው መርጫ መቃብሩን፣ የሰዎቹን እጅ፣ የቆሙበትን ሣር ሁሉ ይረጫል። ነፋሱ የበረኪናውን ሽታ ይዞ ወደ ላይ፣ እኔ ወዳለሁበት ወጣ። በዚያች ከተማ የማንም ሬሳ ሲያልፍ የሱቃቸውን መዝጊያ ጎትተው የሚከተሉ ሰው ሚስታቸውን እንደዚያ ቀበሩ። ሲመለሱ በራቸው ላይ ቀዩ ጨርቅ ነበር። ጠርዙ የታጠፈ፣ ስፌቱ ቀጥ ያለ።

በሽታው ከዝናቡ ጋር ሄደ። መስከረም ሲጠባ ገመዱ ተፈታ፣ ገበያው ተከፈተ፣ ካሴት ቤቱ አዲስ ዘፈን ለቀቀ። ሰው ቀዩን ጨርቅ በየበሩ እየፈታ እሳት ውስጥ ጣለው። ሰላምታውም ተመለሰ፤ እንዲያውም ከድሮው በረታ፣ እጅ ተይዞ አይለቀቅም ነበር፤ ምንም እንዳልሆነ ለመማማል ይመስለኛል። ማን ማንን በድንጋይ እንደመለሰ፣ ማን የማንን ሽንት ቤት እንደቆጠረ የሚያነሳ የለም። አንድ እሁድ ጎረቤቱ ተጠራርቶ ለጋሽ ይማም ለቅሶ ደረሰ። ወርቄም እኔም በሰልፉ ውስጥ ነበርን። ወርቄ ደረቷን እየደቃች አለቀሰች፣ የእውነቷን ነው። ጋሽ ይማም የሁሉንም እጅ በሁለት እጃቸው እየያዙ «አላህ ያጽናችሁ» እያሉ እኛን ያጽናኑ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቤቴ ድረስ መጡ። አሁንም ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። «አስራት፣ ዝናቡ አባርቷል አይደል? በረንዳው ደርቋል። ማሽንህን አምጣ» አሉኝ። በከባዱ በኩል ሊይዙ ሲመጡ ቀድሜ ያዝኩት።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ስምንት ዓመት በዚያ በረንዳ ላይ ሰፋሁ። ጋሽ ይማም ሻይ ሲያስመጡ ለሁለት ነው፤ ልጆቼ ሲያልፉ ከረሜላ ይሰጧቸዋል፣ በክንዳቸው ለክተው «ይቺ ለሕፃኑ» ማለታቸውንም አልተዉም። ስለዚያ ረቡዕ አንድ ቀን ቃል አልወጣቸውም። እኔ ግን ማሽኔን አቁሜ ክር ባስገባሁ ቁጥር፣ ከውስጥ ዝም ባሉ ቁጥር፣ አሁን ሊናገሩ ነው እያልኩ አንገቴን አቀርቅሬ እጠብቅ ነበር። ብዙ ጊዜ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ስለ አዝራር አወራሁ። ዕድሜያቸው ሲገፋ ወሎ ያለው ልጃቸው ይምጡና እኔ ጋ ይኑሩ አላቸውና ሱቁን ለሌላ ሰው አስተላለፉ። በሄዱበት ቀን መናኸሪያ ድረስ ሻንጣቸውን ይዤ ሸኘኋቸው። የጠዋቱ አውቶቡስ ጣራ ላይ ዕቃ ይጫናል፣ ረዳቱ ይጮሃል፣ ጉሙ ገና አልተገፈፈም። ገብተው መስኮት ጋ ተቀመጡ። እኔ ከታች ቆሜ አሁን ካልነገርኳቸው መቼም እንደማልነግራቸው ገባኝ።

«ጋሽ ይማም» አልኳቸው፣ «ያን ጊዜ፣ እትዬ ሰዓዳ የታመሙ ዕለት…»

ሳልጨርሰው እጃቸውን በመስኮቱ አወጡና ትከሻዬ ላይ አደረጉ። «ማሽንህ ሲቆም ሰምቻለሁ» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ፈለግሁ፣ የለም። «ደስ አለኝ። ሰማኝ፣ ሊነሳልኝ ነው ብዬ። ጫማህን እያደረግህ መስሎኝ እኮ ነው ያን ያህል የቆየሁት።»

ሹፌሩ ሞተር አስነሳ። እጃቸውን ከትከሻዬ አንስቼ በሁለት እጄ ያዝኩ፤ አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስ አልለቀቅሁም፣ ሲንቀሳቀስም ጥቂት አብሬ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም፤ ማረፋቸውን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ከነጋዴ ነው። የዚያን ቀን ግን ዳገቱን ቀስ ብዬ ወጥቼ ቤቴ ስገባ ወርቄ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ነጠላዋን ለብሳ ነበር፤ ለመሸኘት ተነሥታ መሀል መንገድ ላይ አቅቷት የተመለሰች ይመስለኛል። «ሄዱ?» አለችኝ። «ሄዱ» አልኳት። «ምን አሉህ?» አለች፤ ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል።

«ምንም። ወርቄን ሰላም በልልኝ ነው ያሉት» አልኳት።